ሁሉን የሚያሳይ፣ ሐሳቡን የሚሸሽግ ተራኪ
የአሜሪካ የግል መርማሪ ልብወለዶች አተራረክ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው። ከተማው ሳን ፍራንሲስኮ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልክ ይጮሃል። አንድ ሰው ከአልጋው ሆኖ ያነሳል፣ ያዳምጣል፣ አጭር መልስ ይሰጥና ይዘጋል። የተነገረው የሥራ ሸሪኩ በጥይት ተመትቶ መሞቱን ነው። ሰውየው መብራት አብርቶ ሲጋራ መጠቅለል ይጀምራል። ትንባሆው ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደተነሰነሰ፣ ጣቶቹ እንዴት እኩል እንዳደረጉት፣ ወረቀቱ እንዴት እንደተጠቀለለ፣ ምላሱ ጠርዙን እንዴት እንዳራሰው ደራሲው ሳይቸኩል ይነግረናል። ሰውየው ምን እንደተሰማው ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። አዘነ? ደነገጠ? ወይስ ተገላገለ?

ይህ ትዕይንት የሚገኘው ዳሺል ሐሜት በ1930 ባሳተመው “የማልታው ጭልፊት” ልብወለድ ሁለተኛ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጻሕፍቱንና የፊልሞቹን ርዕሶች ለአንባቢ እንዲያመቹ ወደ አማርኛ መልሰናቸዋል።) ጥቂት ገጾች ቆይተን እንደምንረዳው፣ ሳም ስፔድ የተባለው ይህ መርማሪ ከሟቹ ሸሪኩ ሚስት ጋር ግንኙነት ነበረው፤ ሸሪኩንም አይወደውም ነበር። ስለዚህ ያ የሲጋራ አጠቃለል የሐዘን ዝምታ ይሁን የእፎይታ አንባቢው እስከ መጨረሻው ሲጠራጠር ይኖራል።

“ሃርድ ቦይልድ” የሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ በቁሙ ለእንቁላል የሚነገር ነው፤ አስኳሉ እስኪጠና የተቀቀለ ማለት ነው። በአሜሪካኖች የመንገድ ቋንቋ ደግሞ አንጀቱ የጠና፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው መጠሪያ ሆነ። ብዙዎቻችን ይህን የድርሰት ዘርፍ የምናውቀው ከፊልሞቹ በቀሩልን ባርኔጣ፣ ሽጉጥና ውስኪ ነው። እነዚህ የውጭ ልብሱ ናቸው። ዘርፉን ዘርፍ ያደረገው ግን አንድ የአተራረክ ችግርና ደራሲዎቹ ለችግሩ የሰጡት መፍትሔ ነው። ይህን ለማሳየት የአንዳንድ መጻሕፍትን መጨረሻ መናገር ግድ ስለሆነብን፣ ገና ሊያነቧቸው ያሰቡ አንባቢያን ከወዲሁ ይቅርታ ያድርጉልን።

ችግሩ እንዲህ ነው። የመርማሪ ልብወለድ የሚቆመው በምሥጢር ላይ ነው። ምሥጢሩን ቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ መርማሪው ነው። ታሪኩን መርማሪው ራሱ ከተረከው ያወቀውን እንዴት ይደብቃል? ከደበቀስ አንባቢውን አላታለለም ወይ?

የእንግሊዞቹ መልስ ቀላልና ብልህ ነበር። አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ሼርሎክ ሆምስን ሲያስተዋውቅ ተራኪ አድርጎ የሾመው ሆምስን ሳይሆን አብሮት የሚኖረውን ሐኪም ዶክተር ዋትሰንን ነው። ዋትሰን ያየውን ሁሉ ይነግረናል፤ ያልገባውን ሊነግረን አይችልም። በመሆኑም ማንም ሳይዋሸን ምሥጢሩ ተጠብቆ ይቆያል። አጋታ ክሪስቲም የመርማሪዋን የፑዋሮን ጀብዱ ለሌላ ሰው እየሰጠች አስተርካለች። በ1926 ባወጣችው “የሮጀር አክሮይድ ግድያ” በዚህ ልማድ ላይ የሠራችውን ተንኮል ያነበበ ያውቀዋል፤ ላላነበበ ግን እሱን እንኳ አልናገርም። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 ለመርማሪ ልብወለድ አሥር ሕግጋት ሲያወጣ፣ የመርማሪው ጓደኛ በአእምሮው የሚያልፈውን ሐሳብ ከአንባቢ እንዳይሸሽግ አንዱን ሕግ ለዚሁ ሰጥቶታል። የጨዋታው ሜዳ በአጥር ተከልሎ ነበር ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ዋትሰንን አሰናበቱት። ስንብቱ የተጀመረው በተከበረ የሥነ ጽሑፍ መድረክ ሳይሆን “ብላክ ማስክ” በሚባል ርካሽ መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱን በ1920 ኤች. ኤል. መንከንና ጆርጅ ዣን ኔታን መሠረቱት፤ ዓላማቸው ለሌላው የሥነ ጽሑፍ መጽሔታቸው ገንዘብ ማግኘት ስለነበረ ብዙም ሳይቆዩ አትርፈው ሸጡት። በ1923 ካሮል ጆን ዴሊ የተባለ ጸሐፊ በራሱ አንደበት የሚተርክ፣ ከማሰብ መተኮስ የሚቀናው የግል መርማሪ ይዞ ብቅ አለ። በዘመኑ በጣም ተወዳጅ ነበር። ዛሬ ከተመራማሪዎች በቀር የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው፤ አይፈረድባቸውም፤ የዴሊ ተራኪ ስለራሱ ጀግንነት ሲደሰኩር ገጹ ያልቃል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ግን እዚያው መጽሔት ላይ የሐሜት ስም የለሽ መርማሪ ተወለደ።

ሐሜት ለሥራው እንግዳ አልነበረም። በ1915 ባልቲሞር ውስጥ በፒንከርተን የግል ምርመራ ድርጅት ተቀጥሮ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነትና የሳንባ ነቀርሳ ካቋረጡት ጊዜ በስተቀር እስከ 1922 ገደማ ሠርቷል። የድርጅቱ ሠራተኛ ሰው ሲከታተል ውሎ ያየውን በጽሑፍ ሪፖርት ያቀርብ ነበር፤ ማን ከየት ወጣ፣ ምን ለብሷል፣ ከማን ጋር ተነጋገረ። የሪፖርት ጸሐፊ የተከታተለው ሰው “በጣም አዝኖ ነበር” ብሎ አይጽፍም፤ “መሐረብ አወጣ” ብሎ ይጽፋል እንጂ። በእኔ ግምት የሐሜት አተራረክ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ይልቅ ከዚህ ልማድ የተቀዳ ነው። የሚገርመው፣ እንዲህ ያሉ መጽሔቶች ለጸሐፊው የሚከፍሉት በቃላት ብዛት ነበር። ሐሜት እየተከፈለበት የቆጠበ ሰው ነው።

ስም የለሹ መርማሪ አጭር፣ ወፍራም፣ ዕድሜው አርባ ገደማ የሆነ፣ “ኮንቲኔንታል” የሚባል የምርመራ ድርጅት ተቀጣሪ ነው። በ1929 በታተመው “ቀይ አዝመራ” ውስጥ በወንበዴዎችና በሙሰኛ ፖሊሶች ወደተያዘች የማዕድን ከተማ ይገባና አንዱን ወገን ከሌላው እያናከሰ ደም ያፋስሳል። ዋናው የአተራረክ ጥበብ የሚገለጠው መጽሐፉ ከአጋማሹ ካለፈ በኋላ ነው። ተራኪው ከዳይና ብራንድ ጋር ሲጠጣ አምሽቶ፣ ኦፒየም ያለበት መድኃኒት ወስዶ ይተኛል። ሲነቃ በእጁ የበረዶ መውጊያ ጨብጧል፤ ስለቱ ደግሞ በሴቲቱ ደረት ውስጥ ነው። ገድሏት ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም፤ እኛም አናውቅም። ይህ የዋትሰን ዓይነት አለማወቅ አይደለም። ዋትሰን የማያውቀው የሌላ ሰው አእምሮ ውስጥ ያለውን ነው፤ ይህ ግን ስለራሱ እጅ እርግጠኛ መሆን ያልቻለ ተራኪ ነው። ነገሩ የሚጠራው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል በሌላ ሰው አፍ ነው።

ወደ መዝጊያው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ተራኪው ለአለቃው የሚልካቸውን ሪፖርቶች፣ የጣሳቸውን የድርጅት ደንቦችና የአገር ሕጎች እንዳያሳብቁበት እየቀባባ መሰንበቱን እግረ መንገዱን ይናዘዛል። አለቃው አልተታለለም። እኛስ? ሪፖርት የሚያስተካክል ሰው ለኛ የተረከልንንም አላስተካከለም ብሎ የሚምል ማነው? ሐሜት ጥያቄውን ጥሎት ይሄዳል።

በ“የማልታው ጭልፊት” ሐሜት ከአንደኛ መደብ ወደ ሦስተኛ መደብ ተሻገረ። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት የተማርነው ዓይነት ሁሉን አወቅ ተራኪ አልፈጠረም። እዚህ ያለው ተራኪ ከሳም ስፔድ አጠገብ አይለይም፤ ነገር ግን ወደ ጭንቅላቱ ፈጽሞ አይገባም። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ መብረቁን፣ መንጋጋው መጥበቁን፣ እጁ መንቀጥቀጡን ይነግረናል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአንባቢ ሥራ ነው።

የዚህን ጥቅም በአንድ ማስረጃ ብቻ ማሳየት ይቻላል። ስፔድ ሸሪኩ ወደተገደለበት ቦታ በሌሊት ሲሄድ አንድ ፖሊስ ያገኘውን ይነግረዋል፤ የሟቹ ሽጉጥ ከወገቡ አልተነቀለም፣ ካፖርቱም እንደተቆለፈ ነው። ይህን እኛም ከስፔድ ጋር እኩል እንሰማለን። ስፔድ ምንም አይልም፤ ሬሳውን እንኳ ወርዶ አያይም። ታሪኩ ወደ ጥቁሩ የጭልፊት ሐውልት፣ ወደ ወፍራሙ ሀብት ፈላጊ፣ ወደ ቆንጆዋ ደንበኛ ሲሮጥ ካፖርቱን እንረሳዋለን። መጨረሻ ላይ ስፔድ ያንኑ ካፖርት ያነሳል። ብዙ ዓመት የሠራ መርማሪ የሚከታተለውን ወንጀለኛ ተከትሎ፣ ሽጉጡን ሳይነቅል፣ ካፖርቱን ቆልፎ ጨለማ መግቢያ ውስጥ አይገባም፤ ከቆንጆ ሴት ጋር ከሆነ ግን ይገባል። ገዳይዋ ደንበኛው ብሪጂድ ናት። ማስረጃው ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ በእጃችን ነበር። የተደበቀው የስፔድ ሐሳብ ብቻ ነው። ኖክስ የሕግ መጽሐፉን ይዞ ቢመጣ ሐሜትን የሚከስበት አንቀጽ አያገኝም።

የሚበልጠው ግን ሌላው ነው። ገዳይዋ ማን እንደሆነች ካወቅን በኋላ እንኳ ልባችን አያርፍም፤ ምክንያቱም ስፔድ ወዷታል፤ ይስጣት አይስጣት አናውቅም። የጉቦ ገንዘብ ተቀብሏል፣ ከወንበዴዎች ጋር ተደራድሯል፤ ሌባ ይሁን ታማኝ እስከዚያች ደቂቃ አልነገረንም። “ማን ገደለ?” የሚለው ጥያቄ “ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?” በሚል ተተክቷል። ጭንቅላቱ ከመጀመሪያው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ገና በጠዋቱ ይሞት ነበር።

ሬይመንድ ቻንድለር ሌላ መንገድ መረጠ። በ1888 ቺካጎ ተወልዶ እንግሊዝ የተማረ፣ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። በ1932 በመጠጥና ከሥራ በመቅረት ምክንያት ተባረረ። የመጀመሪያ አጭር ልብወለዱ በ“ብላክ ማስክ” የወጣው በታኅሣሥ 1933 ሲሆን ያን ጊዜ አርባ አምስት ዓመቱ ነበር። በ1939 “ትልቁ እንቅልፍ” ታተመ፤ ተራኪው ፊሊፕ ማርሎ የሚባል የሎስ አንጀለስ የግል መርማሪ ነው።

ማርሎ እንደ ስፔድ ዝም አይልም፤ ያወራል። የክፍሉን መጋረጃ ቀለም፣ የሀብታሙን ጄኔራል የአበባ ቤት ወበቅ፣ የራሱን ድካምና ንቀት ሁሉ ይነግረናል። ተነፃፃሪ ዘይቤ በተነፃፃሪ ዘይቤ ላይ ይደርባል። ከኋላው የመጡ ብዙ ደራሲያን ከቻንድለር የወረሱት ይህንን ብቻ በመሆኑ በየገጹ “እንደ” የማይጎድልበት ቀልደኛ መርማሪ መንገዱን ሞላው። የዘይቤው ሥራ ግን ማሳመር ብቻ አልነበረም። አንባቢ በንጽጽሩ ፈገግ ሲል ማርሎ አንድ ነገር በአጠገቡ ያሳልፋል። ስሜቱን ሁሉ የሚነግረን ሰው የደረሰበትንም ድምዳሜ የሚነግረን ይመስለናል፤ አይነግረንም። ሐሜት በዝምታ የሠራውን ቻንድለር በወሬ ሠራው።

ለምሳሌ በ“ትልቁ እንቅልፍ” መዝጊያ አካባቢ ማርሎ ለጄኔራሉ ትንሽ ልጅ ለካርመን ሽጉጧን ይመልስላታል፤ ማጽዳቱንና ማጉረሱንም ይነግራታል። ተኩስ እንዲያስተምራት ትጠይቀውና ወደ አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ ይሄዳሉ። እዚያ ሽጉጡን ወደ እሱ አዙራ ደጋግማ ትተኩሳለች። ማርሎ አይወድቅም፤ ያጎረሰው ባዶ ጥይት ነበር። ታላቅ እህቷን ያገባውን ሰው የገደለችው ይህችው ልጅ እንደሆነች ቀድሞ ጠርጥሯል። ማጉረሱን ነገረን፤ ምን እንዳጎረሰ ግን አልነገረንም። ይህ ከካፖርቱ ይልቅ ለማታለል ይቀርባል፤ ከሁለቱ የሐሜት አጨዋወት የበለጠ ንጹሕ ይመስለኛል።

ቻንድለር በበኩሉ ለንጽሕናው ብዙም አይጨነቅም ነበር። በታኅሣሥ 1944 “አትላንቲክ” መጽሔት ላይ ባወጣው ዝነኛ መጣጥፉ የእንግሊዞቹን የእንቆቅልሽ ልብወለድ አጣጥሎ፣ ግድያን ምክንያት ወዳላቸው ሰዎች መለሰ ብሎ ሐሜትን አወድሷል። ለሱ ትዕይንቱ ከሴራው ይበልጣል። ልብወለዶቹን ቀደም ሲል በመጽሔት ያወጣቸውን አጫጭር ታሪኮች እየሰፋ የሚሠራቸውም ስለነበር ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ይታያል። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ በ1946 የወጣውን የ“ትልቁ እንቅልፍ” ፊልም ሲሠራ፣ ባሕር ውስጥ መኪናው ጋር የተገኘውን ሹፌር ማን እንደገደለው ቢጨንቃቸው ደራሲውን ጠየቁት። እሱም እንደማያውቅ መለሰ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል። ነገር ግን መጽሐፉን ሲያነብ ሹፌሩን የረሳ አንባቢ ስንት ነው? የያዘን የማርሎ ድምፅ ነውና።

የድምፁን ነገር ሆሊውድ ራሱ ሳያስበው ፈትኖታል። ሮበርት ሞንትጎመሪ በ1947 የወጣውን “የሐይቁ ሴት” ፊልም ሲያዘጋጅ፣ የቻንድለርን አንደኛ መደብ በካሜራ ለመተካት ሞከረ። ካሜራው የማርሎ ዓይን ሆነ፤ ሰዎች ወደ ካሜራው እያዩ ያወራሉ፤ ማርሎን የምናየው በአብዛኛው መስታወት ፊት ሲቆም ነው። ውጤቱ የሚያደክም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ “እኔ” የሚለው ቃል የሚያይ ዓይን ብቻ ሳይሆን ያየውን የሚመርጥ፣ የሚያላግጥበት፣ የሚያልፈው አንደበት ነው። ካሜራው አየ እንጂ አልመረጠም።

ቡልጋሪያ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ዝቬታን ቶዶሮቭ በ1966 እንዳብራራው፣ በጥንቱ የመርማሪ ልብወለድ ውስጥ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ ያለቀው የወንጀሉ ታሪክና የሚካሄደው የምርመራው ታሪክ። መርማሪው ምንም አይነካውም። በአሜሪካው ግን ሁለቱ ይዋሐዳሉ፤ ወንጀሉ ዓይናችን እያየ ይቀጥላል፣ መርማሪውም ይደበደባል፣ ይታሰራል፣ ይከዳል። ስለዚህ ሴራው የሚራመደው በጣት አሻራ ሳይሆን በምልልስ ነው። መርማሪው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር፣ ከተራራው ላይ ቪላ ወደ ርካሽ ሆቴል እየዞረ ይጠይቃል፤ ሁሉም ይዋሹታል፤ እሱም ይዋሻቸዋል። የከተማዋ ካርታ የሚሳለው በዚህ ዙረት ነው።

ከሁለቱ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው። ሚኪ ስፒሌን በ1947 ተነስቶ በሚሊዮን ቢሸጥም፣ የተራኪውን ዝምታ በቁጣ ስለለወጠው ለዚህ ርዕስ ብዙ የሚጨምር የለውም። ሮስ ማክዶናልድ ግን ከ1949 ጀምሮ በጻፋቸው የሉ አርቸር ልብወለዶች ተራኪውን እያሳሳው ሄደ። አርቸር የራሱን ቁስል አያወራም፤ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፤ ደራሲው ራሱ ጎኑን ሲሰጥ ሊጠፋ የደረሰ ሰው ብሎ ገልጾታል። ቼስተር ሃይምስ የሃርለም ታሪኮቹን በ1950ዎቹ ፓሪስ ሆኖ “ሴሪ ኗር” ለሚባለው የፈረንሳይ የመጻሕፍት ተከታታይ ጻፈ። ሳራ ፓሬትስኪ በ1982 ያንን “እኔ” ለሴት መርማሪ ሰጠችው። ዋልተር ሞዝሊ በ1990 ያስተዋወቀው ጥቁር ተራኪ ኢዚ ሮውሊንስ ደግሞ ከነጮች ጋር ሲነጋገር አንድ ዓይነት እንግሊዝኛ፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሌላ ዓይነት ይናገራል፤ የትኛውን ለማን እንደሚያወጣ ለአንባቢ እየነገረ። እዚህ ላይ ሐሳብን መሸሸግ የአተራረክ ስልት ብቻ አይደለም፤ በ1948ቷ ሎስ አንጀለስ ለአንድ ጥቁር ሰው የመኖሪያ ዘዴ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ሦስት ወጥመዶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው “ብሎ አሰበ”፣ “ልቡ ተሰበረ” እያሉ ደራሲው ባዶ የተወውን ቦታ በደግነት መሙላት ነው። ሲጋራው ላይ አንዲት “በሐዘን” ብትጨመር መጽሐፉ ተሸጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው የአክብሮት ነገር ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል አለው፤ አማርኛችን ግን በር ላይ ሳለ “እርስዎ” ወይስ “አንቺ” ብሎ ይጠይቃል። ስፔድ ቢሮው የመጣችውን ደንበኛ በ“እርስዎ” መቀበሉ አያከራክርም። መቼ “አንቺ” ይላታል? አብረው ካደሩባት ሌሊት በፊት ወይስ በኋላ? ለፖሊስ ልትናገር ነው ብሎ ሲጨክንባትስ ወደ “እርስዎ” ይመለሳል? የትኛውም ምርጫ ሐሜት የቆለፈውን ልብ በትንሹ ይከፍተዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። የአማርኛ ግስ የአድራጊውን ጾታ ይናገራል። “ማን ገደለው?” ብሎ የማያውቅ ሰው ቢጠይቅ ችግር የለም፤ ያልታወቀን ሰው በወንድ መጥራት ልማዳችን ነው። ስፔድ ግን ከብዙ ገጾች በፊት አውቋል ወይም ጠርጥሯል። እንግሊዝኛው ስለ ገዳዩ ሲያወራ ወንድም ሴትም ሳይል እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። አማርኛው “የገደለችው” ካሰኘው ምሥጢሩ በአንድ ፊደል ይፈሳል፤ “የገደለው” ካሰኘው ደግሞ ዝም ያለው ሰው ወደ መዋሸት ይጠጋል። ተርጓሚው “በተገደለ ጊዜ”፣ “ግድያው” እያለ አድራጊውን በየቦታው መሸሸግ ይኖርበታል፤ ያውም አንባቢው መሸሸጉን ሳያውቅበት።